ጽሑፍ የማያስፈልገው ሥዕል

(ገንዳ ውሃ፣ ጥቅምት 1998 ዓ.ም.፣ የሰሊጥ አጨዳው የተጧጧፈበት ሰሞን። የጠዋቱ ደወል ተደውሏል፤ ስምንተኛ ክፍል ግን ባዶ ነው። የታሪክ መምህሩ ናሁሰናይና የስፖርት መምህሩ ዘመነ ከክፍሉ ውጭ፣ ግድግዳው ላይ በተርታ የተሣሉ አራት ትልልቅ የካርቱን ሥዕሎች ፊት ቆመው ይጨቃጨቃሉ።)

ዘመነ፦ ምንም ብትለኝ ሰውየው ያሳዝነኛል።

ናሁሰናይ፦ ምኑ ነው የሚያሳዝነው? በሳቅ ጥርሱ እስኪታይ አድርጌ የሣልኩት ሰውዬ!

ዘመነ፦ ትናንት እራት እንቢ አለኝ እኮ። ሚስቴ ‹‹ማን ሞተብህ?›› ስትለኝ፣ ‹‹ግድግዳ ላይ ያለ ሰው›› አልኳት።

ናሁሰናይ፦ አንተዬ፣ ይሄ ካርቱን ነው! ለመሆኑ የካርቱንን ታሪክ ታውቃለህ?

ዘመነ፦ አላውቅም። አሁን እንደምትነግረኝ ግን አውቃለሁ።

ናሁሰናይ፦ (ጉሮሮውን እየጠረገ) ድሮ ፈረንሳይ ውስጥ አንድ ንጉሥ ነበር። ፊቱን ጋዜጣ ላይ ፒር የሚባል ፍሬ አስመስለው ሣሉት። አገሩ በሳቅ ፈረሰ። ንጉሡ ተናደደና የጋዜጣውን ባለቤት አሳሰረ።

ዘመነ፦ ፍሬውስ?

ናሁሰናይ፦ ፍሬው ምን?

ዘመነ፦ በሰላም ዛፉ ላይ በተቀመጠበት ንጉሥ አድርገው ሣሉት። የፍሬውን ስም ማን ያጽዳለት?

ናሁሰናይ፦ ኧረ በፈጠረህ! የምልህ፣ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ እንኳ ሥዕሉን አይቶ ነገሩ ገባው። ለዚህ ነው ካርቱን ከመምህር የሚበልጠው። በክረምቱ የመምህራን ሥልጠና የተማርነውም ይህንኑ ነው።

ዘመነ፦ ታዲያ አንተን ምን ሊያደርጉህ ቀጠሩህ?

ናሁሰናይ፦ ካርቱኑን ልሥል ነዋ!

ዘመነ፦ እንግዲያስ ቁጥር ጻፍበት ስልህ ብትሰማኝ ምን ነበረበት?

ናሁሰናይ፦ ጽሑፍ የተጨመረበት ካርቱን ምርኩዝ ይዞ የሚሮጥ ሯጭ ነው። አንተ የስፖርት መምህር ነህ፣ እንዲህ ያለ ሯጭ ታሰልፋለህ?

ዘመነ፦ ሰው ከጠፋ አሰልፋለሁ።

ናሁሰናይ፦ (ወደ ባዶው ክፍል እየጠቆመ) አታቃጥለኝ! በየዓመቱ በጥቅምት ሰሊጥ ልጆቼን ጠራርጎ ይወስድብኛል። ዘንድሮ በካርቱን አስቀራቸዋለሁ ብዬ ለዳይሬክተሯ ለእትዬ የዓለምወርቅ ቃል ገባሁ። ዛሬ ሱፐርቫይዘሩ አቶ ባንተአምላክ ይመጣሉ። ክፍሉን ሞልቶ ካገኙት ጎንደር ሄጄ መምህራን አሠለጥናለሁ። ጎንደር፣ ዘመነ! ሰው ጃኬት የሚለብስበት አገር!

ዘመነ፦ ባዶውን ካገኙትስ?

ናሁሰናይ፦ እዚሁ ቢምቢ ስመግብ ጡረታ እወጣለሁ። ልጆቹ የት ገቡ? ሥዕሉ አልገባቸውም ማለት ነው?

ዘመነ፦ ገብቷቸዋል እንጂ።

ናሁሰናይ፦ ከገባቸው የት አሉ?

ዘመነ፦ ስለገባቸው ነዋ የሌሉት።

ናሁሰናይ፦ (በትዕግሥት) እሺ። አንተን እንደ አንድ ደካማ ተማሪ ልይህ። ብዙም አልቸገርም። ምን ይታይሃል?

ዘመነ፦ አንድ ደልደል ያለ ሰውዬ አለ። ቦርጭ አለው፣ የወርቅ ጥርስ አለው፣ ትራክተር አለው። የሰሊጥ ጆንያው እንደ ቤት ተከምሯል።

ናሁሰናይ፦ ጎበዝ! ዘለህ መጨረሻው ላይ ወደቅህ እንጂ ገብቶሃል።

ዘመነ፦ የምን መዝለል? ከዚያ ማን እንደመከረው እንጃ፣ አንድ ቀን ያን ጥቁር ቀሚስ ለበሰ።

ናሁሰናይ፦ የምረቃ ጋወን ነው!

ዘመነ፦ በዚህ ሙቀት! አናቱ ላይም ፀሐይ እንኳ የማይከልል ጠፍጣፋ ነገር ደፋ። ዞር ስትል ትራክተሩ የለም። ቦርጩም የለም።

ናሁሰናይ፦ ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ...

ዘመነ፦ ከዚያ ደብተር ይዞ በትምህርት ቤት በር ገባ፤ ጭራሽ ከሳ። በስተመጨረሻ ሱሪው ተቀዶ፣ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቆ፣ ማጭድ ይዞ የሰው እርሻ ላይ ቆመ። እኔን እራት ያስጣለኝ ይኸኛው ነው።

ናሁሰናይ፦ (ራሱን ይዞ) አንተ ሰው! ከግራ ነው የሚጀመረው! መጀመሪያ ድሃ ነበር፣ ትምህርት ቤት ገባ፣ ተመረቀ፣ ከበረ!

ዘመነ፦ ከግራ ነው ያለው ማነው?

ናሁሰናይ፦ ዓለም በሙሉ!

ዘመነ፦ እኔ ያደግሁት ድንበር ማዶ፣ ገዳሪፍ ነው። እዚያ የተማርኩት ሁሉ በዐረብኛ ነው፤ ከቀኝ ነው የሚጀምር። ደግሞ ልጆቹን ያስረዳቻቸው እኔ ሳልሆን ኩብራ ናት።

ናሁሰናይ፦ (ተስፋ እያደረገ) ኩብራ? የክፍሉ አንደኛ?

ዘመነ፦ እሷው። እዚህ ሳትገባ ድንበር ተሻግራ ገላባት ቁርኣን ተምራ የለ? በጣቷ ከቀኝ ጀምራ አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። ሐሚድ አለቀሰ። መክሊት ደግሞ ‹‹ቲቸር ጀግና ነው፣ የራሱን ታሪክ ሳያፍር ሣለ›› አለች።

ናሁሰናይ፦ የማንን ታሪክ?

ዘመነ፦ ከሲታው አንተ ነህ እኮ። አፍንጫው አንተ፣ ጆሮው አንተ። ሱሪውማ የተቀደደው እንኳ ያንተው ቦታ ላይ ነው።

ናሁሰናይ፦ (ጉልበቱን በእጁ እየሸፈነ) መስተዋት እያየሁ ስለሣልኩት ነው!

ዘመነ፦ ‹‹እንዲህ ሳይደብቅ የመከረን መምህር የለም›› ተባብለው በጠዋት ማጭዳቸውን ይዘው ሄዱ። ሲሄዱ ሲመርቁህ ብትሰማ!

ናሁሰናይ፦ ጠመኔ አምጣ! (ከኪሱ ራሱ አውጥቶ በጥድፊያ ከግራ ጀምሮ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ይጽፋል) ይኸው! ምርኩዙን ሰጠሁት! አሁን አቶ ባንተአምላክ ሲመጡ ቢያንስ ሐሳቤ ይገባቸዋል።

ዘመነ፦ መጥተው ነበር እኮ።

ናሁሰናይ፦ መቼ?

ዘመነ፦ ቅድም፣ አንተ ለሳቸው ብለህ ጫማህን ስታስጠርግ። እዚች ጋ ቆመው አንድ በአንድ አዩት። ከዚያ ‹‹ዕድሜዬን ሙሉ ሪፖርት ስጽፍ እንዲህ ያለ እውነት ጽፌ አላውቅም›› አሉ። የሣለውን ሲጠይቁኝ ስምህን ነገርኳቸው። ኮራሁብህ።

ናሁሰናይ፦ እሳቸው እንኳ የገዳሪፍ ሰው አይደሉም! ከየት በኩል ቢጀምሩ ነው?

ዘመነ፦ የግቢያችን በር በየት በኩል ነው?

ናሁሰናይ፦ (ዞሮ ያያል፤ ድምፁ ይሰልላል) በቀኝ።

ዘመነ፦ እህ።

ናሁሰናይ፦ አሁን የት ናቸው?

(ከውጭ የትራክተር ጥሩምባ ይሰማል።)

ዘመነ፦ ያውና፣ ተሳቢው ላይ። ወንድማቸው እርሻ አለው፣ አጫጅ ጠፍቶበታል። ለእኔም ቦታ ይዘውልኛል። ኸላስ፣ በቃ፣ ደህና ሁን ወንድሜ። (ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ናሁሰናይ አንገት ላይ ያጠልቅና ሮጦ ይወጣል)

(ናሁሰናይ ብቻውን ይቀራል። ሥዕሎቹን ከግራ ጀምሮ ያያቸዋል፤ ደስ ይለዋል። ከዚያ ግራ ቀኙን ገልመጥ አድርጎ ወደ ቀኙ ጫፍ ይሄድና እንደገና ይጀምራል። ጋወኑ ጋ ሲደርስ ፊቱ ይጠቁራል። ከሲታው ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ የራሱን ሱሪ ያያል። ቁጥሮቹን በእጅጌው ያጠፋቸዋል። ጥሩምባው ደግሞ ይሰማል።)

ናሁሰናይ፦ (ወደ በሩ እየሮጠ፣ ፊሽካውን እየነፋ) ዘመነ! ቁም በለው! ለአንድ ሰው ቦታ አለ?

ዘመነ፦ (ከሩቅ) አለ! በግራ በኩል ግን እንዳትመጣ፤ መሳፈሪያው በቀኝ ነው!