አባባ እንደማይፈሩ የተወሰነበት ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ
ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡10
ቦታ፦ የክሊኒኩ አንደኛ ፎቅ፣ ከአልትራሳውንድ ክፍል ፊት ለፊት፣ ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ ያሉት ስድስት የብረት ወንበሮች (የአንዱ እግር ይነቃነቃል፤ ለጸሐፊው የተሰጠው እሱ ነው)

የተገኙ አባላት፦
1. አባባ፦ ታካሚ፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፣ የሹፌሮች ማኅበር የቀድሞ ሊቀመንበር
2. እማማ፦ ባለቤታቸው፤ ሰብሳቢ
3. ታላቁ ልጅ፦ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ
4. ታናሿ ልጅ፦ ልብስ ሰፊ፤ የጸሐፊው ባለቤት (ቤት ውስጥ «አንቺ» ብትባልም በቃለ ጉባኤ «እርስዎ» ትባላለች)
5. ጎረቤት፣ በቅጽል ስማቸው «ፕሮፌሰር»፦ ያልተጠሩ
6. አማች፦ ጸሐፊ

ያልተገኘ፦ የለም። ፕሮፌሰር እንዲቀሩ ተነግሯቸው ነበር።

ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ተረጋግጦ ስብሰባው ተጀምሯል። አባባ ማኅበሩን ሃያ ሁለት ዓመት ስለመሩ በዚህ ቤተሰብ ያለ ቃለ ጉባኤ ጥርስ እንኳ አይነቀልም። ጸሐፊው ሲያገባ ይህ አልተነገረውም።

ሰብሳቢዋ ስብሰባው የተጠራበትን ምክንያት አስረድተዋል። አባባን ከቀኝ ጎድናቸው በታች ማመም ከጀመራቸው አራት ወር ሆኗቸዋል። ሁለት ጊዜ ተቀጥረው ሁለቱም ቀጠሮ አልፏል። በመጀመሪያው ባዶ ሆድዎን ይምጡ ተብለው ሁለት እንቁላል በልተው መጡ። በሁለተኛው ፊኛቸው እንዲሞላ አንድ ሊትር ውሃ ጠጥተው ከቆዩ በኋላ ተራቸው ሊደርስ ሲል ሸኑ። ዛሬም ካለፈ ቀጣዩ ቀጠሮ ከሦስት ወር በኋላ ነው። ሰብሳቢዋ «ሦስት ወር አልጠብቅም። ሲያቃስት አጠገቡ ተኝቼ የምሰማው እኔ ነኝ» ብለዋል።

አጀንዳ 1፦ ፍርሃትን በተመለከተ

አባባ ሁለቱ ቀጠሮዎች ያለፉት በመርሳት እንጂ በፍርሃት እንዳልሆነ በጽሑፍ እንዲያዝላቸው ጠየቁ። አክለውም አርባ ሰው ጭኖ ፍሬን በተበጠሰበት አውቶቡስ ቁልቁለት የወረደ ሰው ሆዱን ፎቶ መነሣት እንደማይፈራ፣ ወደ ክፍሉም ብቻቸውን እንደሚገቡ አሳስበዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ አባባ እንደማይፈሩ በሰባት ድምፅ ተወሰነ። አባላቱ ስድስት ስለሆኑ ቢጣራ አባባ ሁለት እጃቸውን አውጥተው ተገኝተዋል።

አጀንዳ 2፦ ውሃን በተመለከተ

አባባ ሊትራቸውን 3፡00 ላይ ጠጥተው ጨርሰዋል። ታላቁ ልጅ አባት ተጨንቆ ልጅ ዘና ብሎ መቀመጥ ነውር መሆኑን ገልጸው፣ ሁሉም አባል እኩል ጠጥቶ እኩል እንዲይዝ ሐሳብ አቀረቡ። ታናሿ ልጅ ይህ ምን እንደሚጠቅም ጠየቁ። ታላቁ ልጅ «አብሮነት ነው» ሲሉ መለሱ። የጸሐፊው ባለቤት በዚህ ጊዜ ጸሐፊውን አይተውታል፤ ጸሐፊውም ጠጥቷል። ፕሮፌሰር ለጉባኤው ያላቸውን ክብር ለማሳየት ሁለት ሊትር ጠጥተዋል።

ማንም አባል አባባ ሳይመረመሩ ወደ ሽንት ቤት እንዳይሄድ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ክፍሉ ውስጥ ስለሚሆነው ነገር

ታናሿ ልጅ በሁለቱም እርግዝናቸው በአልትራሳውንድ ስለታዩ ማብራሪያ ሰጥተዋል። በጀርባ ይተኛሉ፣ ሸሚዝ ይገለጣል፣ ሆድ ላይ ጄል ይቀባል፣ ሐኪሞቹ የፀጉር መላጫ የምታህል ዕቃ ይዘው ሆድን ይጫናሉ፣ «ትንፋሽ ይያዙ፣ ይልቀቁ» ይላሉ፤ መርፌ የለም፣ ጨረር የለም፣ ሕመምም የለም። የሚሠራው በድምፅ ነው።

አባባ በድምፅ ከሆነ ለምን በስልክ እንደማይጨርሱላቸው ጠየቁ።

ፕሮፌሰር መሣሪያው ሰው ሳምንቱን የበላውን ሁሉ በተራ ቁጥር እንደሚዘረዝር ማንበባቸውን ገለጹ። የት እንዳነበቡ ተጠይቀው ማንበባቸውን ደግመው አረጋገጡ። ታላቁ ልጅ መሣሪያው ኤርዝ፣ ማለትም የመሬት ሽቦ፣ እንዳለው ልፈትሽ ብለው የመብራት መፈተሻ ቴስተራቸውን አውጥተው ወደ ክፍሉ ሲገቡ የክፍሉ ነርስ መልሳቸዋለች።

(ከዚህ መስመር ጀምሮ የጸሐፊው የእጅ ጽሑፍ ለምን እንደተበላሸ ጉባኤው ይረዳለታል።)

አጀንዳ 4፦ ተራ ስለመልቀቅ

አባባ «ሥነ ሥርዓት!» ብለው ተነሥተው፣ ከኋላቸው ወረፋ የያዙት ሴትዮ የደከማቸው ስለሚመስል ተራቸውን እንዲለቁላቸው ይፈቀድላቸው ዘንድ ጠየቁ፤ ቅድሚያ መስጠት የሹፌር ወግ እንደሆነም አስታወሱ። ሰብሳቢዋ ባለቤታቸው በሠላሳ ዓመት ሹፌርነታቸው ለአምቡላንስ እንኳ እያጉረመረሙ እንደለቀቁ ለጉባኤው አስታውሰው ሐሳቡ ውድቅ ሆነ። ሴትዮዋም ተጠይቀው ምንም እንዳልደከማቸው ተናግረዋል።

3፡50 ላይ ፕሮፌሰር ምድጃ ላይ የጣዱት ነገር ትዝ እንዳላቸው ገልጸው ደረጃውን በሩጫ ወርደዋል። 3፡55 ላይ ታላቁ ልጅ በስልክ ሰው ላነጋግር ብለው ተነሡ። ስልካቸው ወንበሩ ላይ ቀርቷል።

3፡58 ላይ ነርሷ በሩን ከፍታ «ቁጥር አሥራ አራት!» አለች። አራት ሰው እግሩን አጣምሮ ጥርሱን ነክሶ ስላየች «ታካሚው የትኛው ነው?» ብላ ለመጠየቅ ተገድዳለች።

አባባ ተነሡ። ወደ ነርሷ ሳይሆን ወደ ሽንት ቤቱ በፍጥነት ሄደው እጀታውን ያዙ። በሩ ተቆልፎ ነበር። ከውስጥ የታላቁ ልጅ ድምፅ «ሰው አለ!» ሲል ተሰምቷል።

አባባ እጀታውን እንደያዙ ቆሙ። ማንም አልጮኸባቸውም። እማማ አጠገባቸው ሄደው ዝቅ ባለ ድምፅ «እንቁላሉንም ረስተህ ነበር የበላኸው?» ብለው ጠየቁ።

አባባ «አልነበረም» ሲሉ መለሱ። ቀጥለውም ወደ ጸሐፊው ዞረው «ጻፈው እንግዲህ። ፈርቻለሁ። ወንድሜ እንዲህ ያለ ክፍል እየሳቀ ገብቶ ሲወጣ ዝም አለ። እስኪሞት ድረስ ያን ሳቅ ዳግም አልሰማሁትም» ብለዋል።

እማማ «የእኔንም ጻፈው። ካንተ በላይ ፈርቻለሁ» አሉ። ታናሿ ልጅ የእሳቸውም እንዲያዝ ጠየቁ። ከሽንት ቤቱ ውስጥ «የእኔም!» የሚል ድምፅ ተሰምቷል። ጸሐፊው የራሱን ማንም ሳይጠይቀው ጽፏል።

ነርሷ ወረፋ እንዳለ አስታውሳለች።

የመጨረሻ ውሳኔ፦

አባባ አይፈሩም የሚለው ውሳኔ ተሽሯል። ብቻቸውን ይገባሉ የተባለው ተሽሮ እማማ እጃቸውን ይዘዋቸው ገብተዋል። የውሃው ውሳኔ ከአባባ በስተቀር ለሁሉም አባል ከዚህ ደቂቃ ጀምሮ ተሽሯል። በዚህ ስብሰባ የተወሰነ ሌላ ነገር ካለም ምን እንደነበር ሳይታይ አብሮ ተሽሯል።

በሩ እንደተዘጋ አባባ «ኧረ ይቀዘቅዛል!» ሲሉ፣ እማማም ሲስቁ ከውጭ ተሰምቷል። ትንሽ ቆይቶ አባባም ስቀዋል፤ ይህም በታናሿ ልጃቸው ጥያቄ በቃለ ጉባኤው ተይዟል።

ስብሰባው 4፡06 ላይ ተጠናቋል። ታላቁ ልጅ የሽንት ቤቱን በር ስለከፈቱ ጸሐፊው ሳይፈርም ተነሥቷል።