የማዘጋጃ ቤታችን የእንግዳ በር

በር ሠርቶ የሚቆልፍ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ከእንዲህ ዓይነቶቹ ጋር ነው የምኖረው።

ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል ስትመጡ፣ በጥርብ ድንጋይ የተሠራው ማዘጋጃ ቤታችን ከሩቅ ይታያል። ሰፊ ደረጃ፣ ከደረጃው በላይም ትልቅ የብረት በር አለው። በሩ በሰንሰለት ታስሮ ተቆልፏል። ጥበቃውን «ለምን አይከፈትም?» ብትሉት፣ «የእንግዳ በር ነው፤ እናንተ በጓሮ ዙሩ» ይላችኋል።

እንዞራለን። ሕንጻው ሲሠራ ጎረምሳ የነበሩት ሸህ ሰይድም አብረውን ይዞራሉ። «በሩ ወደ ሐይቁ ይሁን ወደ ገበያው ብለን ስንት ተጨቃጭቀናል!» ይላሉ። «ወላሂ፣ ወደ ገበያው ያደረግነው ሰው ከገበያ መልስ ሰተት ብሎ እንዲገባ ነበር።»

ቤት የሠራን ሰው በጓሮ ማስገባት ምን ዓይነት ክብር ይሆን?

በቀደም እውነተኛ እንግዳ ከበላይ አካል መጡ። ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ቁልፉ ግን ዝጎ እምቢ አለ። ጥበቃው በድንጋይ ቀጠቀጠው፣ ሹሞቹ በትከሻቸው ገፉ፤ በሩ ንቅንቅ አላለም። እንግዳውም እንደ እኛው በጓሮ ዞሩ። ሸህ ሰይድ ከጓሮው ተራ ጠባቂ ሰልፍ መሃል ሆነው፣ «ያብሽሩ ጌታዬ፣ እኛም በዚሁ ነው የምንገባ» አሏቸው።

እኔ የዋሁ፣ ከእንግዲህ የፊቱ በር ይከፈታል ብዬ ነበር። በማግስቱ ስንሄድ የጓሮው በር ቀለም ተቀብቶ፣ ተቆልፎ ጠበቀን።

«እንግዳ ገብቶበታል እኮ!» አለን ጥበቃው።

አሁን የምንስተናገደው በመስኮት ነው። ሸህ ሰይድ ግን ስጋት ገብቷቸዋል።

«ደግሞ ሌላ እንግዳ መጥቶ በመስኮት ብቅ ያለ እንደሆነ ምን ይውጠናል?»