ወንድም ስታኪ፣ የፍሬን ጠበቃ

ሳይጠሩት የሚመጣ መካሪ የሌለበት ሰፈር የለም። ካለም ገና ሰው አልገባበትም ማለት ነው። አንዱ ሰፈር የደረሰው መካሪ ስለ ትዳር ያውቃል፤ ሌላው የደረሰው ስለ ሆድ ቁርጠት። ለእኛ ለሴዳር ቤንች ሰዎች የደረሱን ክቡር ወንድም ኦርቪል ስታኪ ናቸው፤ እሳቸው የሚያውቁት ስለ ፍሬን ነው።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። እዚህ በዩታ ቀይ ገደሎች ሥር አንድ ሰው ጤነኛ ነው የሚባለው ጓሮው ውስጥ የተፈታታ ጂፕ ሲኖረው ነው። ሰዉ ጎማ ያሳድጋል፣ ሞተር ይቀይራል፣ ፍየል እንኳ የሚያመነታበትን ቋጥኝ በመኪና ካልወጣሁ ብሎ ይምላል። ወንድም ስታኪ ግን በጎማ የሚደነቁ ሰው አይደሉም። ቁልፍ ሲንኳኳ በሰሙበት ጓሮ ሁሉ፣ የሚታጠፍ ወንበራቸውን በብብታቸው፣ ባልዲ የሚያህል የሎሚ ሶዳቸውን በእጃቸው ይዘው ከች ይላሉ። ወንበሩን ይዘረጋሉ። ባለቤቱ ስለ ሞተሩ ጉልበት አውርቶ እስኪጠግብ ሶዳቸውን እየማጉ ያዳምጣሉ። ከዚያ፣ "መሄዱንስ ትሄዳለህ፤ በምን ትቆማለህ?" ይላሉ።

በአንድ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ጣሳ በተንጠለጠለበት ፒካፕ ሊሄዱ ሲሉ፣ ወንድም ስታኪ ከነሙሉ ልብሳቸው መኪናው ሥር ገቡ። ሰው ወደቁ ብሎ ተሯሯጠ። ሲወጡ ከራቫታቸው ጥቁር ዘይት ጠጥቶ ነበር። የሙሽራዋን አባት ለብቻ ወስደው የኋላው የፍሬን ቱቦ ከጭስ ማውጫው ጋር እንደሚፋተግ ነገሯቸው፤ ሙሽሮቹም በአማትየው መኪና ተሸኙ። በአንድ ቀብር ላይ ደግሞ አስከሬን የጫነው መኪና ሲቆም ሲጢጥ አለ። ወንድም ስታኪ እስከ ጸሎቱ መጨረሻ ራሳቸውን ገዝተው ቆዩ። አሜን እንደተባለ ግን ወደ ሾፌሩ ጠጋ ብለው፣ "የፍሬን ሸራህ አልቋል" አሉት በሹክሹክታ። "ሟቹስ ግድ የለውም፤ አንተ ግን ገና ትመለሳለህ።"

እንግዲህ ጃኒል ኦክልቤሪ የጂፗን አክስል፣ የግራና የቀኝ ጎማን የሚያያይዘውን ወፍራም ብረት፣ ልትቀይር የተነሳችው እኚህ ሰው በሚኖሩበት ሰፈር፣ ያውም ከአጥራቸው ማዶ ነው።

ጃኒል የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናት። ባሏ ሩቅ ጋዝ ጉድጓድ ላይ ስለሚሠራ፣ ቤት ከሚያድርበት የማያድርበት ይበዛል። ባለፈው ዓመት በአቅኚዎች ቀን፣ ማለትም ቀደምት አባቶቻችን ዩታ የገቡበት በሚከበርበት በዓል፣ ከተማው በሙሉ በጂፕ ተሰልፎ ተራራው ላይ ምሳ ሊበላ ሲወጣ፣ የእሷ ያረጀ አክስል መንገድ ላይ ተሰበረ። በገመድ እየተጎተተች ወረደች። እሷ ውርደቱን ልትረሳው ትችል ነበር፤ አማቷ እማማ ላሩ ግን አልረሱም። እማማ ላሩ በየዓመቱ ተራራው ላይ በሚደረገው ውድድር በብረት ድስት የኮክ ጋግር፣ ከላዩ ሊጥ የለበሰ የኮክ ፍሬ፣ ይሠራሉ፤ የዚያን ዓመት ድስታቸው ሳይጣድ ተመለሰና ውድድሩን አንዲት የሩቅ ዘመዳቸው አሸነፉ። ከዚያ ወዲህ የምራታቸውን ቤት በረገጡ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ልጃቸው ሳይሆን ስለ አክስሉ ነው።

ጃኒል ከተጋጨ ከባድ ፒካፕ ላይ ሁለት ወፋፍራም አክስሎች አገኘች። እነሱን ማስገባት ጸደዩን በሙሉ ፈጀባት። ወንድም ስታኪም ጸደዩን በሙሉ ከወንበራቸው ሆነው ተመለከቱ። በመጨረሻ የቀረው ትንሹ ነገር ነበር፤ ከጂፑ አካል የሚመጣውን የብረት ቧንቧ አዲሱ አክስል ላይ ካለው ፍሬን ጋር የሚያገናኘው ቱቦ። የቧንቧው ጥርስ በኢንች የተቆረጠ ነው፣ የቱቦው በሚሊሜትር። ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው። ዳዶው ይገባል፣ ትንሽ ይዞራል፣ ከዚያ ጥብቅ ይላል።

"ጠበቀ" አለች ጃኒል ቁልፍ እያነሳች።

"አልጠበቀም፤ ተጣልቷል" አሉ ወንድም ስታኪ። "በእጅሽ እምቢ ያለሽን በቁልፍ አታስገድጂው፣ የኔ ልጅ። እዚህ እሺ ይልሽና ቁልቁለት ላይ ይከዳሻል።"

ፈትታ ስታየው ጥርሱ መበላት ጀምሯል። ጥርሷን ነክሳ ጎረቤት ከተማ ድረስ ነዳች፤ ጫፉ የሚስማማ ቱቦ ገዝታ መጣች። ወንድም ስታኪ ያመሰግኑኝ ይሆናል ብላ ስትጠብቅ፣ ጂፑን በክሪክ አንስታ አክስሉን ወደታች እንድትለቀው አዘዟት። አክስሉ ሲንጠለጠል የፊቱ ቱቦ እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ። አንድ ጎማ ጉድጓድ ቢገባ ቱቦው መበጠሱ ነው። ተመልሳ ሄዳ ረዘም ያለ አመጣች። መሪውን ጥግ ድረስ ስታዞረው ደግሞ ረዥሙ ቱቦ ጎማውን ላሰ። እንደገና ስትሄድ የመለዋወጫው ሱቅ ሻጭ ገና ከበሩ አያት። ምንም አልጠየቃትም፤ "ወንድም ስታኪ ናቸው አይደል?" ብቻ አላት። እሱም ጓሮው ውስጥ ጂፕ አለው።

ጃኒል ሞኝ አይደለችም። የኋላውን ቱቦ ከመግዛቷ በፊት አክስሉን አንጠልጥላ ለካች፤ ጫፉንም አስተያየች። ገዝታ ስትገጥመው በእጇ ብቻ እስከ መጨረሻው ገባላት። ላቧን ጠርጋ ቀና ስትል ወንድም ስታኪ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዩታል።

"አጭር ነው" አሉ።

እንደለካችው ነገረቻቸው። አጭር ነው አሉ። አንጠልጥላ እንደለካችው ነገረቻቸው። እንደዚያም ሆኖ አጭር ነው አሉ፤ በምን እንዳወቁ ስትጠይቃቸው በዓይኔ አሉ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ በዓሉ ደርሷል፤ እማማ ላሩ ጠዋት ደውለው ስለ አክስሉ ጠይቀዋል። ጃኒል ሳታስበው ከአፏ አመለጣት።

"ወንድም ስታኪ፣ የእርስዎ ጂፕ ከሸራ ሥር የማትወጣው ቱቦዋ አጥሮ ነው?"

የወንድም ስታኪ ጂፕ ጓሯቸው ውስጥ ሸራ ለብሳ እንደቆመች፣ እሳቸውም በእግራቸው ብቻ እንደሚሄዱ ሁላችንም እናውቃለን። ለምን ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ሽማግሌው ወንበራቸውን አጥፈው፣ በቀስታ በአጥሩ በር ወጥተው ሄዱ።

በማግስቱ አልመጡም። በሦስተኛውም ቀን አልመጡም። ጃኒል የተመኘችውን ጸጥታ አገኘች። አክስሉን አንጠልጥላ የኋላውን ቱቦ አየችው፤ ገና አራት ጣት ያህል ላላ ብሎ ተርፏል። ትክክል ነበረች። የተከራከራቸውን ሁሉ አፈር የሚያስግጡትን ሰው አሸነፈች። ደስታው ግን ጓሮው ውስጥ የሚቀበለው አጣ። ለባሏ ደወለች፤ ጎሽ አላትና ስለ ተበላሸው የቤት ምድጃ ጠየቃት። ውሻው እንኳ ቀና ብሎ አላያትም። በመጨረሻ እጇን ሳትታጠብ አጥሩን ዞራ የወንድም ስታኪን በር አንኳኳች።

"ተሳስተዋል" አለቻቸው በሩ እንደተከፈተ። ይቅርታ ልትጠይቅ ነበር የመጣችው፤ የወጣው ግን ይኼ ነው።

ወንድም ስታኪ፣ "አንዱን ጎማ ሰቅለሽ ሌላውን ጥለሽ አየሽው?" አሉ።

አላየችውም ነበር። ተያይዘው መጡ። አንዱ ጎማ ወደ ላይ ተሰቀለ፣ ሌላው ወደታች ተንጠለጠለ፣ አክስሉ እንደ ታመመ ሰው ተጣመመ። ሽማግሌው እያቃሰቱ ተንበርክከው በጣታቸው ቱቦውን ዳሰሱት። አሁንም ላላ ያለ ነው።

"ተሳስቻለሁ" አሉ።

ጃኒል ይህን ቃል ለመስማት ጸደይ ሙሉ ጠብቃለች። የጓጓችለትን ያህል ግን አልጣፈጣትም። ወንድም ስታኪ አልተነሱም፤ እዚያው ጎማው ሥር እንደተንበረከኩ፣ ዓይናቸው ቱቦው ላይ እንዳለ ተናገሩ።

"የኔዋ ቱቦ ፈንድቶ ነው። ከባለቤቴ ከአርዳ ጋር ከዚያ ተራራ ስንወርድ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ገባ። የአፈር ቁልል መትተን ቆምን። አርዳ ከላይ እስከ ታች ስትስቅ ነው የወረደችው፤ ደስ ብሏት። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ፔዳል መርገጥ አልሆነልኝም። እንውጣ ስትለኝ ነገ እላታለሁ። ነገ፣ ነገ ስል በሞት ቀደመችኝ።"

ጃኒል ቁልፏን ከመሬት አነሳች።

"ከቱቦው አየሩ አልወጣም" አለች። "ፔዳል የሚረግጥልኝ ሰው የለኝም።"

አየር የቀረበት ፍሬን አይዝም፤ ማስወጣቱ ደግሞ ለብቻ አይሆንም፤ አንዱ ከሥር ተኝቶ ሲከፍትና ሲዘጋ አንዱ ከላይ ይረግጣል። ወንድም ስታኪ የሾፌሩን በር ብዙ አዩት። ከዚያ ገቡ።

"ይርገጡ" ትላለች ጃኒል ከሥር። ይረግጣሉ። "ይያዙት።" ይይዛሉ። ዘይቱ አረፋ እየተፋ ይወጣል። "ይልቀቁት።" መጀመሪያ ላይ ፔዳሉ ከእግራቸው ሥር ያንኳኳ ነበር። አንዱን ጎማ ጨርሰው ወደ ሌላው ሲያልፉ ማንኳኳቱ ቀረ። ለመጨረሻ ጊዜ ይርገጡ ብላቸው ብቅ ስትል መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል።

"ፔዳሉ ደነደነ" አሏት። "እንደ ድንጋይ።"

የበዓሉ ዕለት መላው ከተማ በጂፕ ሊሰለፍ ወጣ። እማማ ላሩ ከጃኒል ጎን ከፊት ተቀምጠዋል። ወንድም ስታኪ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ዞረው አይተው ሊመለሱ ሲሉ እማማ ላሩ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ "ይግቡና ድስቴን ይያዙልኝ" አሏቸው። ሽማግሌው አንገራገሩ። ድስቱ ግን እቅፋቸው ውስጥ ገብቶ ነበር፤ እምቢ ለማለት መጀመሪያ የሚያስቀምጡበት ማግኘት ነበረባቸው።

ጂፑ ቋጥኙን ሁሉ ወጣው። የኮኩ ጋግር ሁለተኛ ወጣ፤ እማማ ላሩ ዳኛው የአሸናፊዋ አጎት ልጅ መሆኑን እስከ ዛሬ ያስረዳሉ። ከምሳ በኋላ ሰልፉ ቁልቁል ጀመረ። መንገዱ በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላው ሰማይ ነው። ጃኒል በመስታወቱ ወደ ኋላ አየች። ወንድም ስታኪ ባዶውን ድስት አቅፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሲገቡም፣ ሲወጡም፣ ሲበሉም ስለ ፍሬን ቃል አልተነፈሱም፤ ይህን ለሚያውቅ ሰው የሚያስፈራ ነገር ነው።

የጂፑ አፍንጫ ወደ ቁልቁለቱ የሚደፋበት ቦታ ሲደርሱ፣ ከሁሉ የሚከፋው ላይ፣ ጃኒል ፔዳሉን ረገጠችው። ጂፑ ቀጥ አለ። ትንሽ ጠጠር ወደ ገደሉ ተንከባለለ፤ ከዚያ የሚሰማ ነገር አልነበረም።

"ቆመናል፣ ወንድም ስታኪ" አለች።

ሽማግሌው መጀመሪያ አንዱን ዓይናቸውን፣ ቀጥለው ሌላውን ከፈቱ። ሸለቆው በሙሉ ከሥራቸው ተዘርግቷል፤ ወንዙ፣ የድርቆሽ ማሳዎቹ፣ የጸሎት ቤቱ ነጭ ጣሪያ፣ የራሳቸው ቤትም ጭምር። ከኋላ ሰልፉ ተከማቸ፤ ጡሩምባ መነፋት ጀመረ። ጂፖቹ የሚነጋገሩበት ሬዲዮ ተንጫጫና አንድ ሰው ጃኒልን ምን ተሰበረባችሁ፣ ገመድ ላምጣ ወይ ብሎ ጠየቃት።

ጃኒል እግሯን ከፔዳሉ ሳታነሳ ሬዲዮውን ወደ አፏ አስጠጋች።

"ምንም አልተሰበረም" አለች። "ወንድም ስታኪ እያዩ ነው።"