የማይተያዩ ኮምፒውተሮችና የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ

ከሁለት በላይ ኮምፒውተሮች በተገናኙበት ቢሮ ሁሉ፣ ማንም ያልሾመው፣ ማንም ሊሽረው የማይችል አንድ የኔትወርክ ሊቅ አለ። የተማረው ሌላ ነው፤ የተቀጠረውም ለሌላ ሥራ ነው፤ ሥልጣኑን ከየት እንዳገኘው ግን የሚጠይቅ የለም። እናንተም ዘንድ አለ። ምናልባት ይህን በምታነቡበት ሰዓት ጠረጴዛችሁ ሥር ተንበርክኮ ገመድ እየነቀለ ይሆናል።

የእኛው ሊቅ የመዝገብ ቤታችን ኃላፊ ናቸው። ቢሮአችን የጥብቅና ቢሮ ነው፤ ሦስት ክፍል፣ አራት ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ። እኔና ባልደረባዬ ጠበቆች ነን፤ ከእኛ ሌላ አንዲት ጸሐፊና እኚህ ሰው አሉ። ሙያዬ ክስ ማዘጋጀት ነውና ክሴን በሥርዓት አቀርባለሁ። ስሜት አልጨምርበትም፤ ፍሬ ነገሩ ብቻውን ይበቃል።

የመጀመሪያው ክስ የስያሜ ጉዳይ ነው። ኮምፒውተሮቹ ሲገዙ ስማቸው የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ነበር። ክቡርነታቸው ይህ ለተከበረ ቢሮ አይመጥንም ብለው፣ አንድ ቅዳሜ ብቻቸውን ገብተው ሁሉንም እንደ አዲስ ሰየሟቸው። የጸሐፊዋ «ጸሐፊ» ተባለ። የራሳቸው «መዝገብ» ተባለ። የእኔ «አለቃ» ተባለ። የባልደረባዬም «አለቃ» ተባለ። በአንድ ኔትወርክ ላይ ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ስም ሊጠሩ እንደማይችሉ ማሽኖቹ ደጋግመው ቢያስጠነቅቁም፣ እሳቸው ማስጠንቀቂያውን እየዘጉ አለፉ። ሰኞ ጠዋት የእኔ ኮምፒውተር ከጸሐፊዋ ስክሪን ላይ ጠፋ። ሁለት ቀን ሙሉ በሕይወት መኖሩን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«አንዱን ሌላ ስም ቢሰጡት ምን ነበረበት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ታዲያ ማንን ላሳንስ?» አሉኝ፤ የተቆጡት እሳቸው ነበሩ።

ሁለተኛው ክስ ከዚህ ይከፋል። በጋራ የምንጠቀምበትን ፎልደር በይለፍ ቃል ቆለፉት፤ ቃሉን እንዳይረሱት በጥንቃቄ ጻፉት፤ የጻፉበትንም ፋይል እዚያው በቆለፉት ፎልደር ውስጥ አስቀመጡት። ስለ ፍላሽ ደግሞ አቋማቸው የታወቀ ነው፤ «ፍላሽ ማለት ያገለገለ መርፌ ነው» ይላሉ። በዚህም መሠረት የአራቱንም ኮምፒውተሮች የፍላሽ መሰኪያ በሙጫ ደፍነው፣ በላዩ ላይ የመዝገብ ቤቱ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ለጠፉ። ባለሙያ እንጥራ ያለ ሁሉ አንድ መልስ ያገኛል፤ «እኔ እያለሁ?» ይህ ጥያቄ አይደለም። ይግባኝ የማይባልበት ውሳኔ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እገባለሁ።

አንዲት ነርስ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ለሕመምተኞች እየተሰጠ መሆኑን በጽሑፍ በማሳወቋ፣ አሥራ አንድ ዓመት ካገለገለችበት ሆስፒታል ተባረረች። በሥር ፍርድ ቤት ተሸነፈች። የይግባኝ ጊዜዋ የሚያበቃው ይህ በሆነበት ማክሰኞ ሲሆን፣ መዝገብ የሚቀበለው የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አሥራ ዘጠኝ ገጽ ይግባኝ ኮምፒውተሬ ላይ ተጠናቋል፤ ማተሚያው ያለው ከጸሐፊዋ ኮምፒውተር ጋር ነው። የአካባቢው ኢንተርኔት ከማለዳ ጀምሮ ተቋርጧልና በኢሜይል መላክ አይቻልም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ጸሐፊዋ ፎልደር ልልክ ስል ኮምፒውተሯ የለም። ከእሷ በኩልም ስትፈልግ የእኔ የለም።

«ጋሼ! አሁንም አይተያዩም!» ብላ ጮኸች ጸሐፊዋ።

ክቡርነታቸው እጅጌያቸውን ጠቅልለው መጡ። በመጀመሪያ ኢንተርኔት የሚያከፋፍለውን ሳጥን ነቅለው «ትንሽ ይተንፍስ» አሉና የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ አምስት ደቂቃ አሳረፉት። ከዚያ የጸሐፊዋን ኮምፒውተር አጠፉ፤ አበሩ። ከዚያ ማንም ቅሬታ ያላሰማበትን የባልደረባዬን ኮምፒውተር አጠፉ፤ አበሩ። ከዚያ ጠረጴዛ ሥር ገብተው ወጡ፤ ይዘው የወጡት የጉልበታቸውን አቧራ ብቻ ነው። ዘጠኝ ተኩል አለፈ። ነርሷ ከኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ተነሥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ጠበቃዬ፣ እርስዎ እያነበቡልኝ በእጄ ልጻፈው እንዴ? ፈጣን ነኝ።»

«አሥራ ዘጠኝ ገጽ ነው፣ እህቴ።»

«የሌሊት ተረኛ ሆኜ ከዚህ የበለጠ ሪፖርት ጽፌያለሁ» አለች። እጇ ግን የቦርሳዋን ማንገቻ ይፈትል ነበር።

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም፤ ከፍ አድርጌ አላውቅም። በሁሉም ፊት፣ ቃል በቃል እንዲህ አልኳቸው፦ «ስምንት ዓመት ሙሉ በዚህ ቢሮ የተበላሸውን ሁሉ ያበላሹት እርስዎ ነዎት። ይህች ሴት ዛሬ መብቷን ብታጣ ተጠያቂው አንድ ሰው ነው። ከአሁን በኋላ ኮምፒውተር እንዳይነኩ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉ። ከዚያም በዚያ ቀን ያልነኩት አንድ ኮምፒውተር ቀርቷቸው ነበርና እኔን አልፈው ወንበሬ ላይ ተቀመጡ።

የስክሪኑን የታችኛውን ጥግ ተጫኑ። እኔም ከትከሻቸው በላይ አየሁ። ኮምፒውተሬ የተገናኘው ከቢሮአችን ኔትወርክ ጋር አልነበረም፤ ከጎረቤታችን ከጥርስ ሐኪሙ ጋር ነበር። ትናንት ከሰዓት የእኛው ኢንተርኔት ቢንቀራፈፍብኝ፣ ጥርሴን ስታከም በሰጠኝ የይለፍ ቃል ወደ እሱ ተሻግሬ፣ ሳልመለስ ረስቼዋለሁ። በሌላ ሰው ቤት ተቀምጬ የገዛ ቤተሰቤ አያየኝም ብዬ ስከስስ ውዬአለሁ።

ቀና ብለው በመነጽራቸው አናት አዩኝ። ሁለት ጊዜ ተጫኑ።

«ታየ! ጋሼ፣ ታየ!» ጸሐፊዋ ከወንበሯ ተነሣች።

ማተሚያው አሥራ ዘጠኙን ገጽ ተፋ። ነርሷ ፈረመች። ጸሐፊዋ ፋይሉን ታቅፋ ሮጠች፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ይግባኙ ተመዘገበ። ስትመለስ ላብ በላብ ሆና በሩ ላይ ቆመች።

«ለመሆኑ ምኑ ነበር?»

አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ቀደሙኝ።

«እኔ ነኝ። ትናንት ሳስተካክል አንድ ነገር ነክቼ ኖሯል።»

በስምንት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋት አመኑ፤ ያመኑትም ያልሠሩትን ነው። ባልደረባዬ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ጸሐፊዋ «አይ ጋሼ!» አለች። እኔ፣ በምስክር ቃል የምተዳደረው ሰው፣ የሐሰቱን ቃል ሰምቼ ዝም አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት መዝገብ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

«ለምን?» አልኳቸው።

ከፋይል ላይ ዓይናቸውን አላነሡም። «በእኔ ቢስቁ ለምጄዋለሁ። እርስዎ ግን፣ ጠበቃ፣ ለዚያች ልጅ ዳኛ ፊት ይቆማሉ። አንገትዎን ደፍተው እንዴት ይቆማሉ?»

ባልደረባዬ ባለፈው ሳምንት እውነተኛ የኮምፒውተር ባለሙያ በቋሚነት እንዋዋል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ በማስረጃ የተደገፈ፣ በሚገባ የተዘጋጀ፣ እንከን የማይወጣለት ነው። ተቃወምኩት። ምክንያቴን በጽሑፍ እንዳቀርብ ጠየቀኝ፤ ይኸው አቅርቤያለሁ።