አርባ ፍራሽ ከነደረሰኙ

ልግስና የነፍስ ጌጥ መሆኑን የማያውቅ የለም። በደረሰኝ ሲሆን ለኪስም እንደሚበጅ የሚያውቁት ግን ጥቂት ብልሆች ናቸው፤ ከእነሱም አንዱ እኔ፣ ፍራሽ ነጋዴው ነኝ።

ይህን ጥበብ የገለጠልኝ የባለቤቴ ወንድም ነው፤ ሒሳቤን የሚሠራልኝ እሱ ነው።

«ጋሼ፣ ለበጎ አድራጎት የሰጡት እኮ ግብር ከሚከፈልበት ትርፍ ላይ ይቀነሳል» አለኝ።

«ዕቃ ቢሆንም?»

«ደረሰኝ ይኑረው እንጂ!»

የዚያኑ ዕለት አንጀቴ ለአረጋውያን ተላወሰ። መጋዘኔ ውስጥ የጣሪያ ፍሳሽ ያገኛቸው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ገዢ ዞር ብሎ ያላያቸው አርባ ፍራሾች ነበሩ። ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው፤ ሽታው በከፊል ለቀቀ። ለአረጋውያን መጦሪያው አስረከብኩና በአዲስ ፍራሽ ዋጋ ደረሰኝ ተቀበልኩ። ንግግርም አደረግሁ። «ቀኝ እጅ የሰጠችውን ግራ እጅ አትወቅ» ብዬ ጀመርኩ፤ ፎቶ አንሺው አላነሳሁትም ስላለኝ ደገምኩለት።

«ጎናችንን አሳረፍከው፣ ልጄ» አሉኝ የመጦሪያው ኃላፊ፣ ምርኩዝ የያዙ እናት። እንባዬ መጣ። እውነቴን ነው፣ መጣ።

ደረሰኜን ይዤ ግብር መሥሪያ ቤት ቀረብኩ። መስኮት ሦስት ላይ ያለችው ሠራተኛ ፋይሌን አገላብጣ አገላብጣ ቀና አለች።

«ጌታዬ፣ ከምን ላይ ልቀንስልዎት?»

«ከትርፌ ላይ ነዋ!»

«ትርፍ የለዎትም እኮ። ሰባት ዓመት ሙሉ ከሠርኩ ብለው ነው ያስታወቁት።»

ረስቼው ነበር። ለካ ከፍዬ የማላውቀውን ግብር ቀንሱልኝ ብዬ ነው የተሰለፍኩት።

«ለመሆኑ የከሠረ ሰው አርባ አዲስ ፍራሽ ከየት አምጥቶ ይሰጣል? ወይ ኪሳራው ውሸት ነው፣ ወይ ስጦታው። የቱ ነው ብዬ ልጻፍ?»

ኪሳራው ነው ካልኩ የሰባት ዓመት ግብር ከነቅጣቱ ሱቄንም መጋዘኔንም ጠራርጎ ይወስዳል።

«ኪሳራውማ እውነት ነው፤ የምበላው የለኝም!» አልኩ። «ፍራሾቹም ውሃ የጠጡ ናቸው፤ ምንም አያወጡም።»

«እሱን ጽፈው ይፈርሙ።»

ፈረምኩ። ግማሹ እውነት ነው። እስከዛሬ ለመንግሥት ከጻፍኩት ሁሉ ይህን ያህል እውነት ያለበት ወረቀት የለም።

ልጅቷ ለማጣራት ወደ መጦሪያው ደወለች። በሦስተኛው ቀን እኚያ እናት ምርኩዛቸውን እየተደገፉ ሱቄ ከች አሉ። ሊያዋርዱኝ ነው ብዬ ባንኮኒው ጀርባ ተሸጎጥኩ።

«እንዲህ ተቸግረህ ነው ለእኛ የሰጠኸው?» አሉኝ እንባ እየተናነቃቸው። «የምትበላው እንደሌለህ የሰማን ዕለት እህል ከማናችንም ጉሮሮ አልወርድ አለ። ሽማግሎቹ ያላቸውን አዋጥተው ላኩኝ። እንካ፣ ልጄ።»

ፖስታው ውስጥ የተጨማደዱ ብሮች ነበሩ፤ ሳንቲምም አለበት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። አልቀበልም እንዳልል፣ አለኝ ማለት ነው፤ አለኝ እንዳልል፣ የፈረምኩት ወረቀት አለ። በሁለት እጄ ተቀብዬ እስከ በሩ ሸኘኋቸው።

ከዓይኔ ሲርቁ ለባለቤቴ ወንድም ደወልኩ።

«ስማ እስቲ» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ስጦታ ሲቀበሉትስ ግብር አለው?»