ከቴሌቪዥን የጠፋችው ውርንጭላ

ሰው ብዙ ነገር ይችላል። የቆቦን ሙቀት ይችላል፣ ስብሰባ ይችላል፣ ከስብሰባው በኋላ የሚጠራውን ሌላ ስብሰባም ይችላል። የማይችለው መሃሉ የተወሰደበት ወሬ ነው። አላመናችሁኝም? እስቲ ጎረቤታችሁ ዘንድ ሂዱና፣ “ትናንት ያ ሰውዬ ዱላውን አንስቶ ወደ ሚስቱ ወንድም ሲጠጋ…” ብላችሁ ዝም በሉ። ከዚያ ስለ አየሩ ጠባይ አውሩ። በሰላም ከወጣችሁ ጎረቤታችሁ ደግ ሰው ነው።

መንግሥት ግን መሃል መውሰድ ይወዳል። የኔ ዘመን መንግሥት በተለይ መቀስ ወዳድ ነበር። ቀን የምረቃ ሪባን ቆርጦ ያጨበጭባል፣ ማታ ያንኑ መቀስ ይዞ ቴሌቪዥን ጣቢያ ይገባል። ቀን ለቆረጠው ጭብጨባ አግኝቷል። ማታ ለቆረጠው ደግሞ ጭብጨባ ባይሆን እንኳ ዝምታ ጠብቆ ነበር። ቆቦ ላይ ዝምታ አላገኘም።

እኔ ቆቦ የሄድኩት በመምህርነት ተመድቤ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ከመሄዴ በፊት ቁርጥራጭ ነገር እጽፍ ነበር። መጀመሪያ የሌለው፣ መጨረሻውም ያልመጣ፣ አንድ ሰው ታክሲ ውስጥ ይገባና በሚቀጥለው መስመር ባሕር ዳር ቆሞ የሚገኝበት ዓይነት። ጓደኞቼ “ዘመናዊ” ይሉታል፣ እናቴ “ያላለቀ” ትለው ነበር። መቆረጥ ለኔ ጥበብ ነበር ማለት ነው። ይህን የምነግራችሁ በኋላ ፍርድ ፊት ስለሚያስፈልገኝ ነው።

የቆቦ ብቸኛ ቴሌቪዥን ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ በእንጨት ሳጥን ተቆልፎ ይኖር ነበር። ቁልፉ በሰይድ አንገት ላይ ነው። ሰይድ ቀን በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋል፣ ሲመሽ ሳጥኑን ከፍቶ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቆማል። ምስሉ ሲንቀጠቀጥ የቴሌቪዥኑን ቁልፍ ይጠመዝዛል፣ ጨርሶ ሲጠፋ ውጭ ወጥቶ የአንቴናውን ምሰሶ ያዞራል። ለዚህም ከቀበሌው ትንሽ ድጎማ አለው። በረንዳውንም የሰጠው ቀበሌው ነው። ስለዚህ ሰይድ ከቀበሌው ጋር ከተጣላ ማታውንም ቀኑንም ያጣል።

ሐሙስ ሐሙስ የዱር አራዊት ፊልም ይታያል። ያን ቀን አዳራሹ ይሞላል። ለሌላው ዝግጅት የሚመጡት የሚያስመጣቸው ስላለ ነው። ለአራዊቱ ግን ከዋጃም ከጎብዬም መኪና ተሳፍሮ የሚመጣ አለ። እነዚህ ሰዎች ከብትና ግመል አርቢዎች ናቸው። ጅብ ምን እንደሚበላ ከኔ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። ሊያዩ የሚመጡት የሌላ አገር ጅብ እንዴት ብሎ እንደሚበላ ነው። ይህ የሙያ ጉዳይ ነው።

የመጀመሪያው ቅሬታ የተነሳው በሰጎን ነው። ወንዱ ሰጎን ክንፉን ዘርግቶ እየተወዛወዘ ወደ ሴቷ ሲቀርብ፣ ሴቷም ዝቅ ስትል፣ በድንገት ፏፏቴ መጣ። አዳራሹ አጉረመረመ። በሩ አጠገብ ቆሎ የምትሸጠው ዘሐራ፣ ለሰጎኖቹ አፍረውላቸው እንቁላሉ ከሰማይ ወረደ ሊሉን ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ጓድ ካሳሁን ከፊት ወንበሩ ዞር ብሎ አያት። ጓድ ካሳሁን የቀበሌው ካድሬ ነው። ልጅ እግር፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ነው። በቆቦ ሙቀት ይህን የሚያደርግ ሰው እምነቱ ጽኑ መሆኑ አያጠራጥርም። የዚያን ቀን ነገር በዚህ አለፈ።

በሚቀጥለው ሐሙስ የሜዳ አህያ መጣች። ከጎኗ ውርንጭላ አለች፣ እግሯ ገና ያልጠና፣ መስመሯ እንኳ በቅጡ ያልጠቆረ። ሣሩ ውስጥ አንበሳዪቱ በሆዷ ትሳባለች። አንበሳዪቱ ተነሳች። መንጋው ፈረጠጠ። ውርንጭላዋ ወደ ኋላ ቀረች። እናቷ ዞር አለች። አንበሳዪቱ ክንዷን ዘረጋች፣ እና…

አበባ።

ቢጫ አበባ። ንብ አርፋበታለች። ተራኪው ንብ እንዴት ያለ ታታሪ ፍጥረት እንደሆነች በተረጋጋ ድምፅ ይነግረናል።

እኔ በውስጤ አደነቅሁ። እንዲህ ያለ ዝላይ ለመጻፍ ስንት ዓመት ደክሜአለሁ። ቀና ስል ግን አዳራሹን አየሁት።

ስለ ምክንያቱ መምህራኑ በኋላ ብዙ ተከራክረናል። ከሁሉ የጣመኝ የታሪክ መምህሩ መላምት ነው። አንበሳ የንጉሡ ምልክት ነበረና፣ ውርንጭላዋን ከያዘች ፊውዳሉ አሸነፈ ሊባል ነው። ውርንጭላዋ ካመለጠች ደግሞ ጭቁኑ መታገል ትቶ ሸሸ ሊባል ነው። ቆራጩ ሰውዬ ሁለቱንም አስቦ ንብ መረጠ። ንብ ሠራተኛ ናት፣ ችግር የለባትም። ንግሥት እንዳላት ያስታወሰ አልነበረም መሰል።

ከመሃል አባ ሞላ ተነሱ። አባ ሞላ ከከተማው ዳር ከብት የሚያረቡ ሽማግሌ ናቸው። ሁለት ሰው ሲጣላ፣ ከብት ከከብት ሲቀላቀል የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ጮክ አላሉም። ውርንጭላዋ ተበላች ወይስ አመለጠች ብለው ጠየቁ። ጓድ ካሳሁን ፕሮግራሙ ወደ ንቧ እንዳለፈ አስረዳ። አባ ሞላ ስለ ፕሮግራሙ ሳይሆን ስለ ውርንጭላዋ እንደጠየቁ አስረዱ። ጓድ ካሳሁን ምንም የተቆረጠ ነገር የለም፣ ፊልሙ እንዳለ ነው የቀረበው አለ። “እሺ ልጄ፣ እንዳለ ከቀረበ ውርንጭላዋ የት አለች?” አሉት።

ይህ ለአንድ ካድሬ መልስ የሌለው ጥያቄ ነው። ተቆርጧል እንዳይል፣ ማን ቆረጠው ይባላል። አልተቆረጠም እንዳይል፣ እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ዓይን አለው። ሰውዬው መውጫ ሲፈልግ ዓይኑ ከቴሌቪዥኑ ጎን ከቆመው ሰይድ ላይ አረፈ። አበባው ሲመጣ የሰይድ እጅ የቴሌቪዥኑ ቁልፍ ላይ ነበር። እውነት ነው፣ ሁላችንም አይተናል። የሰይድ እጅ ምንጊዜም ቁልፉ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው በዚያ ዘመን ለነበረ ሰው አዲስ አይደለም። የቴክኒክ ጉድለት የተባለው በሁለት አረፍተ ነገር ውስጥ የሕዝብን ንብረት አለመጠበቅ ሆነ፣ በሦስተኛው አሻጥር ሆነ። አሻጥር ቀላል ቃል አይደለም። ያ ቃል የተለጠፈበት ሰው በምን እንደሚፋቅለት አያውቅም። ጓድ ካሳሁን እጁን ዘርግቶ የሳጥኑን ቁልፍ ተቀበለ። ከዚያም ሰይድን፣ “ዋስ ጥራ፣ አለዚያ ቀበሌ ታድራለህ፣ ነገም ለበላይ አካል ትተላለፋለህ” አለው። ሰይድ አንገቱን ዳሰሰ። ቁልፉ የነበረበትን ቦታ።

አባ ሞላ አሁንም እንደቆሙ ናቸው። ውርንጭላዋ የጠፋችው እዚህ ቤት ከሆነ፣ ሲሉ ጀመሩ፣ እዚህ ቤት የነበረው ሰይድ ብቻ አይደለም። ሁላችን ነበርን። እንግዲያው አውጫጭኝ ይቀመጥ።

ለማታውቁት፦ አንድ አገር ከብት ጠፍቶ ሌባው ካልታወቀ፣ የዚያ አገር ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይቀመጣል። ሀብታምም ድሀም። እያንዳንዱ ተነስቶ ያየውን ይናገራል፣ አላየሁም የሚል ይምላል። ነገሩ እስኪወጣ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ይህ ነው አውጫጭኝ። ላም ሲጠፋ ተቀምጦ ያውቃል፣ ግመል ሲጠፋ ተቀምጦ ያውቃል። በቴሌቪዥን ለጠፋች የሜዳ አህያ ውርንጭላ የተቀመጠው እኔ እስከማውቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሰው ሁሉ መቀመጡን አየሁ። ቆሞ የነበረው መሬት ላይ ተቀመጠ። በሩ ከኋላ ነው፣ ካድሬው ከፊት። በመሃል የተቀመጠ ሕዝብ አለ። ካድሬውን እንዳይወጣ ማንም አልከለከለውም፣ ማንም መንገድ አልሰጠውም።

ጓድ ካሳሁን ይህ በአብዮቱ የተሻረ ፊውዳላዊ ልማድ ነው ሲል ተቃወመ። አባ ሞላ፣ “ፊውዳሉም ቢሆን እኮ ተቀምጦ ከኛ ጋር ይምል ነበር” አሉ። ከኋላ የሳቀ አለ። ካድሬው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከፊውዳል ማነስ የሚፈልግ ካድሬ የለም።

ምስክርነቱ ተጀመረ። ዘሐራ ተነስታ፣ ቆሎ ስሰፍር ጎንበስ ስል ነበረች፣ ቀና ስል የለችም፣ ወላሂ እኔ አልወሰድኳትም አለች። ሑሴን የሚባል የግመል ነጋዴ ውርንጭላዋ ስትሮጥ ያየው ወደ ግራ መሆኑን ተናገረ። ቴሌቪዥኑ ባለበት ግድግዳ በኩል ግራው ጎብዬ ነው፣ ቀኙ ዋጃ። ስለዚህ ወደ ጎብዬ ነው የሄደችው አለ። ከጎብዬ የመጡት ተነስተው በጽኑ ተቃወሙ። እናንተ አካባቢ የጠፋ ከብት ሁሌ ወደኛ ነው የምትሉት አሉ። ይህ የድሮ ጠብ ነበርና ለማብረድ ጊዜ ወሰደ።

ሑሴን ግን ስለ ሰይድም የሚለው ነበረው። “ሱሪ የሚሰፋልኝ እሱ ነው” አለ። “ጨርቅ ሲቆርጥ የተረፈውን ጠቅልሎ ይመልሳል፣ የጣት ያህሏን ሳይቀር። የውርንጭላዋን ቁራጭ ያየ አለ? የለም። እንግዲህ የቆረጠው ሌላ ነው።” ከዚህ የተሻለ የመከላከያ ክርክር ሰምቼ አላውቅም።

ተራው እኔ ጋ ደረሰ። የአዲስ አበባ ሰው፣ የተማረ፣ ፊልም የሚያውቅ። ጓድ ካሳሁን ተዝናንቶ አየኝ። የመንግሥት ደመወዝ የምበላ ነኝና ምን እንደምል ያወቀ መስሎት ነበር። ተነስቼ፣ ሰይድ በዚያ ቁልፍ ምስሉን ማደብዘዝ ይችላል፣ ድምፁን መቀነስ ይችላል፣ አንበሳ አስወጥቶ አበባ ማስገባት ግን አይችልም፣ የተቆረጠው እዚህ አይደለም አልኩ። ጓድ ካሳሁን መዝናናቱን ተወ።

እዚያ ላይ መቀመጥ ነበረብኝ። ምን ያደርጋል፣ ጸሐፊ ነኝ። መቁረጥ በራሱ ክፉ እንዳልሆነ፣ እኔም በጽሑፌ መሃሉን መጣል እንደምወድ ለአዳራሹ ማብራራት ጀመርኩ። አባ ሞላ በትዕግሥት ሰሙኝ። “አንተ የጣልከው የራስህን ነው መምህር፣ ይሁንልህ” አሉኝ። “ይቺ ግን እናት አላት። ቆማ ስታያት ነበር።” ተቀመጥኩ። ስለ ጽሑፌ ከተሰጡኝ ሂሶች ሁሉ እስካሁን የምቆጥረው ይህን ነው።

አንድ ሰው ቀረ።

አባ ሞላ በአክብሮት፣ ጓድ፣ ያንተ ተራ ነው አሉት። ያየውን እንዲናገር፣ ካላየም እንዲምል። ጓድ ካሳሁን በማርያምም በአላህም እንደማይምል አስታወቀ። አባ ሞላ ይህን ያውቁ ነበር። “በምታምንበት ማል። በአብዮቱ ማል” አሉት።

አዳራሹ ውስጥ የንቧ ድምፅ እንኳ ቀርቷል። ቴሌቪዥኑን ማን እንዳጠፋው አላስታውስም። ጓድ ካሳሁን በአብዮቱ ስም አልተቆረጠም ብሎ ቢምል፣ በአብዮቱ ስም መዋሸቱን የማያውቅ አንድም ሰው የለም። ሰይድ ቆረጠው ብሎ ቢምልም ያው ነው። አልምልም ቢል ደግሞ በአብዮቱ አያምንም። የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ፈታ። ቆቦ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ።

“ከላይ ነው” አለ በመጨረሻ። ቀስ ብሎ። “አዲስ አበባ ነው የተቆረጠው። ለሰፊው ሕዝብ ታስቦ ነው።”

ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አልሳቀም። አባ ሞላ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለዚህ ሰይድ ነጻ ነው አሉ። ካድሬው የሳጥኑን ቁልፍ መለሰ። ሰይድ አንገቱ ላይ አጠለቀው፣ ከዚያም ካኒቴራው ውስጥ አስገባው፣ ቀድሞ እንዲህ አያደርግም ነበር።

ጓድ ካሳሁን ሊወጣ ተነሳ። አባ ሞላ ቆይ ልጄ አሉት። በአውጫጭኝ ሥርዓት ወሳጁ ታውቆ እሱ ራሱ በቦታው ከሌለ፣ ያወቀው ሰው ዋስ ይሆነዋል። ወሳጁ ቀርቦ የወሰደውን እስኪመልስ፣ ወይም ተበልታም ከሆነ መበላቷን እስኪናገር። እዚህ ካለነው መሃል የላዮቹን የሚያውቃቸው አንተ ብቻ ነህ አሉት። ሰው ሁሉ ልክ ነው አለ። ጎብዬዎች ሳይቀሩ።

ካድሬው በዚያ በተቀመጠ ሕዝብ መሃል ቆሞ በሩን አየ። “እሺ” አለ። ያን ጊዜ መንገድ ተከፈተለት።

እንግዲህ አስቡት። አገሩ ሁሉ መንግሥት ፊት ዋስ ጥራ በሚባልበት ዘመን፣ መንግሥት ቆቦ ላይ ዋስ ጠራ። ጓድ ካሳሁን ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ፣ መንግሥቱም ከዓመታት በኋላ ወደቀ። የውርንጭላዋን መጨረሻ ተናግሮ ዋሱን ከዋስትናው ያወረደው ሰው ስለመኖሩ ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።