ሁሉም ነገር ቀኝ አለው

ማንግ ቴባን በሕይወት ዘመናቸው አንድም ነገር ጥለው ያውቃሉ? ከመስኮታቸው ፊት ለፊት አሥራ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ፤ መልሱን ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። የቆሻሻ መኪናው ማክሰኞና ዓርብ ደወሉን እያንቃጨለ ሲመጣ ሰው ሁሉ ከረጢቱን አንጠልጥሎ ይወጣል። ማንግ ቴባንም ይወጣሉ። ልዩነቱ ሌላው ሰጥቶ ሲመለስ እሳቸው ተቀብለው መመለሳቸው ነው።

እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አለ። ከሌለ ያ ቦታ ገና ሰፈር አልሆነም። አዲስ ነገር ገዝተህ ስታልፍ ከደጃፉ ሆኖ ያስቆምሃል። «ስንት አሉህ?» ይልሃል። ዋጋውን ስትነግረው እንደ ሐዘንተኛ አንገቱን ይደፋል። ከዚያ ሁላችንም በቃላችን የያዝናትን ጥያቄ ይጠይቃል፦ «ለምን ይገዛል?»

የኛን ሰው «ማንግ» የምንላቸው በዕድሜ ስለሚበልጡን ነው። የቀሩትን ማዕረጎች የጨመርኩላቸው እኔ ነኝ፤ የማስቲሽ ሊቀ ሊቃውንት፣ የቁርጥራጭ ጠቅላይ አዛዥ፣ የከተማችን የማሪኪና ነጠላ ጫማ ሁሉ አባት። አርባ ዓመት ጫማ ሠርተዋል። የሚሠሩበት ቤት ሲዘጋ ሌሎቹ የመጨረሻ ደመወዛቸውን ቆጥረው ወጡ። እሳቸው ግን «ግማሹ በዕቃ ይሁንልኝ» ብለው ሰባት ጆንያ የነጠላ ጫማ ስፖንጅ በጋሪ እየገፉ መጡ።

«ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው በመስኮት።

«ይሆናል።»

«ለምን ይሆናል?»

«እሱን ስፖንጁ ራሱ ይነግረናል።»

ስፖንጁ ስድስት ዓመት ዝም አለ። በየመሐሉ ትንሽ ትንሽ እየተቆረጠ የወፍ ጎጆ ሆነ፣ የበር ማቆሚያ ሆነ፣ የሞተር ሳይክል መቀመጫ ሆነ። ችግሩ ማንግ ቴባን የሠሩት ነገር ሁሉ መጨረሻው ጫማ መምሰሉ ነው። የወፍ ጎጆዋ ማሰሪያ ብቻ ነበር የቀራት። ወፏ ራሷ ለመግባት ሁለት ሳምንት አመነታች።

ልጃቸው ሉኒንግኒንግ፣ እኛ ኒንግ የምንላት፣ የሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ ናት። አምና ነሐሴ፣ አባቷ እንዳይሰሙ በጓደኛዋ ቤት ተደብቃ፣ «የጎርፍ ጠባቂዋ» የሚባለውን ፊልም ጀግና ልብስ በካርቶን ሠራች። ይህን ፊልም ያላየ የከተማችን ሰው ሁለት ብቻ ነው። እኔ ከብዙ ሰው ጋር ጨለማ ውስጥ መቀመጥ ስለማልወድ አላየሁም። ማንግ ቴባን ደግሞ የመግቢያ ትኬቱን አይተው የጠየቁትን ጥያቄ መገመት አያቅትም።

ውድድሩ በትልቁ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ ሰልፉ ግን ውጭ። የነሐሴ ዝናብ የመጣው ኒንግ ተሰልፋ ሳለ ነው። መድረክ ላይ ስትወጣ የደረት ጥሩሯ እንደ ራሰ ዳቦ እየተቆረሰ ይወድቅ ነበር። አስተዋዋቂው በድምፅ ማጉያው፣ «ክቡራትና ክቡራን፣ ጎርፍ ጠባቂዋን ጎርፍ ወሰዳት!» አለ። ቪዲዮው በየስልኩ ዞረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘይትና ሳሙና ለመክፈል የቀረበ ሁሉ አጎንብሶ ያያታል፤ «አንቺ ካርቶኗ አይደለሽም?» ሰው ሁሉ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛውን ከጣለ በኋላ እንኳ ኒንግ ሳታወልቅ ዓመት ሞላት።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ እራት እየበሉ፣ መስኮቱ ክፍት ስለነበር እኔም ሰማሁ፣ «እዚያው መድረክ ላይ እወጣለሁ» አለች። «ካርቶኗ መባሉ ካልቀረልኝ ሥራዬን ለቅቄ ሌላ ከተማ እሄዳለሁ፣ አባዬ። ቆርጫለሁ።»

«ልብሱስ?»

«የሚሠራ ሰው አለ። አሥራ አራት ሺህ ፔሶ ነው። ዘጠኝ መቶ አለኝ፣ ሌላውን...»

ወንበር ሲገፋ ተሰማኝ። ማንግ ቴባን ተነስተው ቆመዋል። «ለምን ይገዛል?» አሉ። ያቺን ጥያቄ ሺህ ጊዜ ሰምቻታለሁ፤ እንደዚያን ምሽት ግን ቁጣ ኖሯት አታውቅም። ስፖንጁ በመጨረሻ ተናገረ ማለት ነው።

በማግሥቱ በሬ ተንኳኳ።

«አንተ ጉጉት! ቀን ቀን ምን ትሠራለህ?»

«እተኛለሁ፣ ማንግ ቴባን። ሌሊት ሳነብ ነው የማድረው።»

«ጥሩ። ቆመህ ተኛ።»

ኒንግ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ስለሆነች ልብሱ የሚለካበት ሰውነት ያስፈልግ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሴት ደረት ያለው ጥሩር ለብሼ መሐል ቤት ቆምኩ። መጽሐፍ እንድይዝ ተፈቅዶልኛል፤ ገጽ ለመግለጥ ግን ማስፈቀድ ነበረብኝ።

ሥራውን ስላየሁ አንድ ነገር ልመስክር። ስፖንጁን በካውያ ያሞቁታል፤ ሲለሰልስ የሩዝ ድስት ላይ ጋደም አድርገው በመዳፋቸው ይጫኑታል፤ ሲነሳ ደረት ሆኗል። ትከሻውን በትልቁ የወንድ ጫማ ፎርማ ላይ አወጡት። ማስቲሹን ቀብተው እስኪደርቅ እፍ ሲሉበት ትኩስ ሻይ የሚያበርዱ ይመስላሉ። ካባው ከሰልባጅ ተራ የተገኘ የሆቴል መጋረጃ ነው፤ ሻጩ በመጨረሻ የሰጣቸው ድርድሩ ስላደከመው ነው። የብር ቀለሙ ላይ የወለል ቀይ ሰም በጨርቅ ሲያሹበት ብረቱ ዝገት አበቀለ። መታጠቂያው ላይ ያለው ክብ ጋሻ የጎረቤታችን የአሊንግ ቤባንግ የድስት ክዳን ነው። እሷም በየጠዋቱ ከአጥር ማዶ ትጮኻለች፦

«ማንግ ቴባን፣ ክዳኔን!»

«ለአገር አገልግሎት ሄዷል!»

ስለ ቦቲው አላወራም። ኒንግ አንድ ጊዜ አጥልቃ ክፍሉን ዞረች፤ ልክክ ስላለላት ተመልሳ ቁጭ አለችና አለቀሰች። አባቷም አፍንጫቸውን እየሳቡ፣ «ጠበበሽ እንዴ?» አሉ።

አሁን ስህተቱ ላይ ደረስኩ። እኔም ስላየሁና ዝም ስላልኩ ግማሹ የኔ ነው።

ኒንግ ለአባቷ የሰጠቻቸው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ የጀግናዋ ግራ ጎን ብቻ የሚታይበት። በጫማ ሥራ ደግሞ ናሙና ሁልጊዜ አንድ እግር ነው። ሌላውን ሠራተኛው ራሱ ልኩን ገልብጦ ያወጣዋል፤ ማንም አይነግረውም፣ እሱም አይጠይቅም። ማንግ ቴባን ግራውን ትከሻ ጨረሱ። ኒንግ ማታ ለክታው ወደደችው። በመጨረሻው ቀን እሷ ሥራ ላይ ሳለች፣ እጃቸው ሳያስቡት የግራውን ልክ ገለበጠና ቀኙን ቆረጠ። ሁለቱን በጀርባ በኩል በአንድ ጠፍር አያያዟቸውና ጋዜጣ ጠቀለሉባቸው። እኔ ፊልሙን አላየሁም። የሚያምር ትከሻ ነው ብዬ ገጼን ገለጥኩ።

ጋዜጣው የተፈታው በውድድሩ ቀን፣ ሦስታችንም ከመድረኩ ጀርባ ባለው ኮሪደር ላይ ቆመን ነው። ተወዳዳሪ ቁጥር ሃያ ስምንት ሊወጣ ነው። የኒንግ ቁጥር ሠላሳ ሁለት ነው።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ቀኙ ነዋ።»

«የምኑ ቀኝ?»

«የትከሻሽ። ምን ሆንሽ አንቺ?»

«ቀኝ የላትም!»

ማንግ ቴባን ወደ እኔ ዞሩ፤ ልጃቸውን ትኩሳት የያዛት መሰላቸው። ከዚያ ለሕፃን እንደሚናገር ሰው ቀስ ብለው፣ «ሁሉም ነገር ቀኝ አለው» አሉ።

«እሷ የላትም፣ አባዬ! ጎርፉ ወደ ኋላ እንዲመለስላት የቀኝ ትከሻ ጥሩሯን ለወንዙ ሰጥታዋለች! ፊልሙ የሚጀምረው በሱ ነው፤ ሰው የሚያውቃት በባዶ ትከሻዋ ነው። ልጅ አዋቂው ይስቅብኛል! እንደገና!»

«ፎቶው ግራ ነበር» አሉ። «ናሙናው ግራ ከሆነ ቀኙን...» ፊታቸውን ሳይ የማይበት ቦታ አጣሁ። ቢላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠፍሩን ያዙ። ጠፍሩ ከተቆረጠ ግራውም እንደሚወድቅ ሦስታችንም እናውቃለን፤ ማስቲሽ ቀብቶ ለማድረቅ ጊዜ የለም። ግን ሌላ ምን ይደረጋል?

ኒንግ ቀኙን ትከሻ ከእጃቸው ተቀብላ ገለበጠችው። በውስጥ በኩል፣ በጫማ ውስጥ እንደሚጻፈው፣ በእርሳስ ተጽፏል፦ «ቀኝ። የኒንግ። እንዳይቆረቁራት።»

ቁጥር ሃያ ዘጠኝ ተጠራ። እሷ ጽሑፉን እያየች ነው።

«አባዬ፣ ጠፍሩን መሐሉ ላይ ቁረጠውና ዘለበት አድርግበት። በአንድ እጅ፣ በአንዴ ጥርቅም የሚል። መድረክ ላይ ሆኜ የማያይዘው። ትችላለህ?»

«አሁን?»

«አሁን።»

ማንግ ቴባን «ትችላለህ?» ተብለው አያውቁም። የራሳቸውን ቀበቶ ፈቱ። ወስፌ ከኮሌታቸው ሥር አወጡ፤ ለምን እዚያ እንደነበረ አልጠየቅኩም። ቁጥር ሠላሳ አንድ ከመድረክ ሲወርድ የመጨረሻውን ክር በጥርሳቸው በጠሱ፤ በሌላ እጃቸው ደግሞ ሱሪያቸውን ያዙ። ያንን ሱሪ እስከ ማምሻ አልለቀቁትም።

ኒንግ ቀኙን ካባዋ ውስጥ ደብቃ፣ ግራውን በእጇ ደግፋ ወጣች፤ እኔና አባቷም ወደ ሕዝቡ ወረድን። አስተዋዋቂው ያው የአምናው ነው።

«ቁጥር ሠላሳ ሁለት! የጎርፍ ጠባ... ቆይ፣ ቆይ! ካርቶኗ ናት እንዴ?»

አዳራሹ ሳቀ። ፎቁ ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ኒንግ ወደ መድረኩ ጫፍ ሄደችና ተንበረከከች። እጇን ወለሉ ላይ ውሃ ውስጥ እንደሚያስገባ ሰው ዝቅ አደረገች፤ ካባዋ ሸፈናት። ቀና ስትል ቀኙ ትከሻ እጇ ላይ ነበር። ከፍ አድርጋ አሳየችው፤ ከዚያ በባዶው ትከሻዋ ላይ አስቀመጠችው። ዘለበቱ ቀጭ አለ። ድምፅ ማጉያው ስለያዘው የመጨረሻው ፎቅ ድረስ ተሰማ።

«ወንዙ መለሰልኝ» አለች።

ሳቁ ቆመ። በዚህ ከተማ ወንዝ የወሰደበት ሰው ሞልቷል። ፍሪጅ የወሰደበት አለ፣ ሞተር ሳይክል የወሰደበት አለ፣ የሠርግ ፎቶውን ከነግድግዳው የወሰደበት አለ። የመለሰለት ግን አንድም የለም። ከዚያ የመጣውን ጩኸት ልገልጸው አልችልም። አጠገቤ የነበረች፣ ከሸመታ የመጣች ሴት እያለቀሰች በሽንኩርት ከረጢቷ ትመታኝ ነበር።

ከዳኞቹ አንዷ፣ መነጽር ያደረገች ልብስ ሰፊ፣ መድረክ ላይ ወጥታ ጥሩሩን በጣቷ ዳሰሰች።

«ስፌቱ የታል?»

«ስፌት ከታየ ውሃ ይገባል!» የሚል ድምፅ ከታች መጣ።

«ማነው ያ?»

«ሠራተኛው!»

ወደ መድረኩ ጠሯቸው። የማስቲሽ ሊቀ ሊቃውንት በአንድ እጃቸው ሱሪያቸውን ይዘው፣ በሌላው ለሕዝቡ ሰላምታ እየሰጡ ወጡ።

«ስንት ፈጀብዎት፣ ማንግ?»

«ስምንት መቶ ሰባ ፔሶ። ክዳኑ ግን ውሰት ነው።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ድስቴን በሳህን ከድኜ!» ብላ አሊንግ ቤባንግ ከሕዝቡ መሐል ጮኸች። እንደመጣች እንኳ አላወቅንም ነበር።

በእጅ በተሠራ ልብስ አንደኛ የወጣው ቁጥር ሠላሳ ሁለት ነው። አስተዋዋቂው ዋንጫውን ይዞ፣ «አሸናፊያችን ካር...» አለና አፉን ያዘ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ «ይቅርታ፣ እህቴ፣ ስምሽ ማን ነው?» አላት።

«ሉኒንግኒንግ።»

አዳራሹ በሙሉ ስሟን ደገመው። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ኒንግ ፊቷን ምንም ሳትሸፍን ቆማ ሰማችው። አባቷ ግን የዋንጫውን መቀመጫ በጣታቸው እያንኳኩ ነበር፤ «ውስጡ ባዶ ነው» አሉኝ ሲወርዱ። «ይሆናል።»

በጂፕኒ ታክሲ ስንመለስ ተሳፋሪው ሁሉ ዋንጫውን እየተቀባበለ ነካው። ማንግ ቴባን እስከ ድልድዩ ድረስ የሚመጣውን ዓመት ሲያወሩ ነበር፤ ክንፍ እንደሚሠሩ፣ ለክንፍ የሚሆን አሮጌ ጃንጥላ የት የት እንዳዩ፣ ጃንጥላ የሚገዛ ሰው እጁ ምን ያህል ሥራ እንደማያውቅ። «የጃንጥላው ሽቦ ደግሞ...» አሉ። አንገታቸው ወደ መስኮቱ ዘንበል አለ፤ አፋቸው ተከፍቶ ማንኮራፋት ጀመሩ። ሃያ አንድ ቀን ነበር በደንብ ካልተኙ።

መውረጃችን ሲደርስ ሹፌሩ እንዲያቆም ኒንግ ጣሪያውን ለማንኳኳት እጇን አነሳች። እኔ ሰው መንካት አልወድም፤ ግን እሳቸው እንዳይነቁ እጇን ያዝኩት። ሰፈራችን በመስኮቱ አለፈ፤ ጆንያዎቹ በደጃፉ ላይ ታዩኝ፤ እሳቸው አላዩም። መጨረሻው ማዞሪያ ላይ ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ዞር ብሎ አየን፤ እኔም ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ የመመለሻ ሒሳባችንን የሦስታችንንም ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ሬዲዮውንም አጠፋልን።

ስለ ጃንጥላው ሽቦ እያወሩ እንቅልፍ የወሰዳቸው ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር።